«የወዴት ሰው ናት?» — ማኅበራት ልዩነትን ስለሚያሻግሩበትና ስለማያሻግሩበት ሁኔታ

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ በዱባይ አል ዋርቃ ሰፈር ከሚገኙት ቪላዎች በአንዱ ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት ልብስ እየተኰሰች ሳለ ራሷን ስታ ወደቀች። ሆስፒታል ስትደርስ በአንጎሏ ውስጥ ደም መፍሰሱ ታወቀ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሕክምና ተማሪ ነው፤ የሚኖረውም እዚያው አል ዋርቃ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ሲፈለግ ለእሱ ተደወለለት። ልጅቷ በአራተኛው ቀን ዓይኗን ስትገልጥ ግን የምትናገረው ኦሮምኛ ብቻ ሆነ። ቀድሞ አቀላጥፋ ትናገረው የነበረው አማርኛ ጠፍቷት ነበር። ይህ በሕክምናው ዓለም እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንጎል ሲጎዳ በኋላ የተማሩት ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ኦሮምኛ አልችልም።

ከአልጋዋ አጠገብ የሚቀመጥና በቋንቋዋ የሚያነጋግራት ሰው ያስፈልግ ነበርና በዚህ አገር ከምንኖረው ተማሪዎች መካከል ለሦስቱ ደወልሁ። ሦስቱም አስቀድመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «የወዴት ሰው ናት?» በየትኛው ሆስፒታል እንደተኛች፣ ስሟ ማን እንደሆነ፣ ትተርፍ እንደሆነ የጠየቀኝ አልነበረም። ከሦስቱ አንዱ መጣ። እርሱም አንድ ጊዜ መጥቶ ሁለተኛ አልታየም።

በአንጻሩ በአሥራ ሰባት ቀን ውስጥ አራት ሴቶች ተራ ገብተው ሲያስታምሟት አየሁ። አራቱም የቤት ሠራተኞች ናቸው። አንዷ የወሎ፣ አንዷ የዓዲግራት፣ አንዷ የወላይታ፣ አንዷ ብቻ የአርሲ ልጅ ናት። በሳምንት አንድ ቀን ያላቸውን ዕረፍት ቈርሰው ነው የሚመጡት። የአርሲዋ ልጅ ተራዋ ባልሆነ ቀን በስልክ ታስተረጕማለች፤ የዓዲግራቷ ልጅ ስልኩን ከሕመምተኛዋ ጆሮ ላይ ይዛ ትቆማለች። ይህን ነገር ማን እንዳደራጀው ስጠይቅ የወሎዋ ልጅ ሳቀችብኝ። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንዷ ስትታመም የዕረፍት ቀኗ የደረሰላት ትሄዳለች፤ ያልሄደች ደግሞ በሚቀጥለው ሁለት ጊዜ ትሄዳለች አለችኝ። ስም አላችሁ ወይ ብላት «ዕድር ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» ብላ መለሰችልኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው መልሷ ነው። ጓደኞቼን ለመውቀስ አልተነሣሁም፤ እውነቱን ለመናገር ስልኩ ለእኔ የተደወለ ጊዜ ያንኑ ጥያቄ በሆዴ ጠይቄ ነበር። ሊመረመር የሚገባው ነገር ሌላ ነው። ተምረናል፣ ስለ አንድነትና ስለ እኩልነት ብዙ አውርተናል የምንለው እኛ ያልቻልነውን ነገር፣ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጡት እነዚህ ሴቶች እንዴት ቻሉት? ልዩ ልዩ ሕዝብ በሚኖርበት አገር፣ በተለይም ሰዎች በነፃ ተደራጅተው በነፃ መሪ እንመርጣለን በሚሉበት ሥርዓት፣ አንዱ ማኅበር ሰውን ሲያቀራርብ ሌላው የሚያራርቀው ስለምን ነው?

በመጀመሪያ የራሳችንን ሁኔታ እንመልከት። እኔ ወደዚህ አገር በመጣሁበት ጊዜ ተማሪዎች በየሁለት ሳምንቱ ቡና እያፈላን እንሰበሰብ ነበር። ክራር የሚመታ ነበረን፤ የአዲስ ዓመት ዕለት ዶሮ ወጥ ይሠራል፤ የበዓል ቀን ለሙስሊሞቹ ጓደኞቻችን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት በየቤታቸው እንዞራለን። ከውጭ ለሚያየን ከእኛ የበለጠ የተፋቀረ የለም። በጥቅምት ማብቂያ 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነቱ ሲፈነዳ ግን ያ ሁሉ ፍቅር ሦስት ሳምንት እንኳ አልቆየም። አንድ ሰው አንድ ፎቶግራፍ ላከ፤ ሌላው ሐሰት ነው አለ፤ ሦስተኛው ስድብ ጨመረበት። ከዚያ በኋላ በየቋንቋው የተለያየ የስልክ ቡድን ተቋቋመ፤ ቡናውም ቀረ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ሲፈረም ጦርነቱ ቆመ፤ የእኛ ቡና ግን እስከ ዛሬ አልተፈላም።

ይህን ስናነሣ ከእኛ በፊት የነበረውን የተማሪ ትውልድ መርሳት አይገባም። ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ አንሥቶ ጽሑፉን ካወጣ በኋላ ክርክሩ ባሕር ተሻግሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ሎስ አንጀለስ ላይ በተደረገው 19ኛ ጉባኤ የሰሜን አሜሪካውን የተማሪዎች ማኅበር እስከ መሰንጠቅ አድርሶታል። ያ ትውልድ ግን የተጣላው ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝቦች መብት በወረቀት ጽፎ፣ ስሙን አስፍሮ፣ በጉባኤ ተሟግቶ ነው። እኛ የተጣላነው በአንድ ፎቶግራፍ ነው። ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዕድር እንመለስ። ዕድር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። ጉዳዩን የመረመሩት አሉላ ፓንክኸርስትና ዶክተር ዳመን ኃይለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው ግን ዕድር ይበልጡን የከተማ ልጅ፣ የ20ኛው መቶ ዘመን ልጅ ነው። በአዲስ አበባ ከጉራጌ አገር መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ቀድመው እንደ ጀመሩት የሚናገሩ አሉ፤ በሰፊው የተስፋፋው ደግሞ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በገጠር ሰው ሲሞት ዘመዱ ይቀብረዋል። ከአገሩ ተሰዶ ከተማ የገባ ሰው ግን ዘመዱ ሰምቶ እስኪመጣ አስከሬኑ አይጠብቅም። ስለዚህ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ከማያውቀው ጎረቤቱ ጋር ተዋውሎ «አንተ ስትሞት እኔ እቀብርሃለሁ፣ እኔ ስሞት አንተ ቅበረኝ» መባባል ነው። ዕድር ከፍቅር አልተወለደም፤ ብቻውን እንዳይሞት ከፈራ ሰው ፍርሃት ተወለደ። ይህን ማለት ዕድርን ማሳነስ አይመስለኝም፤ ጥንካሬው ከዚሁ የመጣ ነውና።

በአንድ የሰፈር ዕድር ውስጥ የመርካቶ ነጋዴ አለ፤ ከመንዝ የመጣ ዘበኛ አለ፤ የወለጋ ተወላጅ የሆነ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ አለ፤ የሐረር ሙስሊም አለ። እነዚህ ሰዎች እንዲዋደዱ የሚጠይቃቸው የለም። የሚጠየቁት በወሩ መጀመሪያ መዋጮ እንዲከፍሉ፣ ድንኳን ሲተከል ምሰሶ እንዲይዙ፣ ቀብር እንዲወጡና ለቀስተኛ ቤት እንዲያመሹ ነው። ስም ይጠራል፤ የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ከንጋቱ በፊት በየመንደሩ የሚዞረው ጡሩምባ ነፊ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል እንጂ የወዴት ሰው እንደሆነ አይናገርም። ሰሚውም አይጠይቅም፤ የሟቹ ስም በመዝገብ መኖሩ ይበቃዋል።

እምነት የተለያየ በሚሆንበትም ቦታ ደንቡ መላ አለው። በወሎ ይኸው ማኅበር ቅሬ ይባላል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ። ሥጋ የሚለያየው ከሆነ ለቀስተኛው ፊት የሚቀርበው ንፍሮና ዳቦ ነው፤ የታረደ ነገር ስለሌለበት ሁሉም ይበላዋል። የሙስሊሙ ቀብር በዚያው ዕለት የሚፈጸም ስለሆነ ክርስቲያኑ ጎረቤት ሥራውን ትቶ ይደርሳል፤ የክርስቲያኑ ሬሳ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሙስሊሙ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ማንም እምነቱን አልለወጠም፣ አላለዘበምም። ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ ግዴታው አንድ ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። ዕድር ሊቀመንበሩን ይመርጣል፤ ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ያቀርባል፤ አባል ያልጣመውን ሹም ያወርዳል። ብዙ አባቶቻችን በዕድሜያቸው በነፃ ሾመው በነፃ የሻሩት ባለሥልጣን የዕድራቸው ሹም ብቻ ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስና የቀበሌ ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ ቀድሞ ወደ መንገድና ወደ ውሃ ሥራ ሁሉ እየተዘረጋ የነበረው የዕድር እጅ ተሰብስቦ ወደ ቀብሩ ተመለሰ፤ ሆኖም አልሞተም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤድስ በሽታ በየቤቱ ሲገባም በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሙት ከመቅበር አልፈው በሕይወት ያለውን በሽተኛ ማስታመም ጀመሩ። ዶክተር ዳመን በኋላ ዕድር ለሕክምና ወጪ መድን ሊሆን ይችላል ወይ የሚለውን አጥንቷል፤ ይህ በሕክምና ትምህርት ላይ ላለን ሁሉ ሊነበብ የሚገባው ነው።

በየአገር ልጅነት የሚቋቋም ዕድርና የልማት ማኅበርም አለ። ይህን በጅምላ ጠባብነት ነው ማለት ስሕተት ነው። ጉራጌዎች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተደራጅተው ወደ አገራቸው መንገድ ያስወጡት በዚህ ዓይነት ማኅበር ነው። አሜሪካዊው ምሁር ሮበርት ፑትናም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መጽሐፍ ሁለቱን ዓይነት ትስስር ይለያቸዋል፤ አንደኛው ተመሳሳዮችን እርስ በርስ የሚያጠብቅ ነው፤ ሁለተኛው የማይመሳሰሉትን የሚያሻግር ነው። ሰው ሁለቱም ያስፈልገዋል። አደጋው የሚመጣው ሁለተኛው ጠፍቶ የመጀመሪያው ብቻውን ሲቀር ነው፤ እኛ ከ2013 ዓ.ም. በኋላ የሆንነው ይህንኑ ነው።

ቡና እየጠጣን የነበርን ጊዜስ የሚያሻግር ትስስር አልነበረንም ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። ለዚህ ጥያቄ የሚስማማ መልስ ያገኘሁት ከወደ ሕንድ ነው። አል ዋርቃ የሚኖር ሰው ከሕንድ ደቡባዊ ክፍል ከኬረላ የመጡ ሰዎችን ሳያውቅ አይኖርም፤ ዳቦና ወተት የምገዛበት ሱቅ ባለቤት የካሊከት ከተማ ሰው ነው፤ ራሱ ሙስሊም ሲሆን ሸሪኩ ሂንዱ ነው። አሹቶሽ ቫርሽኒ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው መጽሐፉ ይህችን ካሊከትን በሰሜን ሕንድ ካለችው ከአሊጋር ጋር አነጻጽሯታል። የሙስሊሙና የሂንዱው ብዛት በሁለቱ ከተሞች ተቀራራቢ ነው። አሊጋር በተደጋጋሚ በደም ስትታጠብ ካሊከት ግን በሰላም ኖራለች። ቫርሽኒ ባደረገው ጥያቄ በካሊከት 83 በመቶ የሚሆኑት ሂንዱዎችና ሙስሊሞች አዘውትረው አብረው እንደሚበሉ ሲናገሩ፣ በአሊጋር ይህን ያሉት 54 በመቶ ናቸው።

ይሁን እንጂ የጥናቱ ዋና ነጥብ አብሮ መብላቱ አይደለም። 54 በመቶም እኮ ጥቂት አይደለም። በመንደር ደረጃ ጉርብትና ይበቃል፤ በከተማ ግን ሆን ብሎ ሕዝብን ሊያጋጭ የተነሣ ኃይል ሲመጣ ጉርብትና ብቻውን ይረታል ይላል። የሚቆመው የተደራጀው ነው፤ ሁለቱም ወገኖች አብረው የሚገኙበት የነጋዴዎች ማኅበር፣ የሠራተኞች ማኅበር፣ የንባብ ክበብ። በዲሴምበር 1990 በአሊጋር የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሙስሊም ሐኪሞች ሂንዱ ሕሙማንን ገደሉ የሚል ወሬ በአካባቢው ጋዜጦች ወጣ። ፍጹም ሐሰት ነበር። የሕክምና ተማሪ እንደመሆኔ ይህን ሳነብ ገላዬ ሰቀቀ። በካሊከትም ወሬ ይነዛል፤ ግን እዚያ «ቆይ፣ እጠይቃለሁ» የሚል ሰው አለ፤ ከወዲያ በኩል የሚጠይቀው ሰው አለው። ያ ሰው የማኅበር ባልደረባው ስለሆነ ነገም ያገኘዋል፤ ገንዘባቸውም እንጀራቸውም የተሳሰረ ነው። የእኛ ቡና ይህ አልነበረውም። ስንጣላ የጎደለብን ነገር አልነበረም፤ ከቡና በቀር።

እዚህ ላይ ማኅበርን እንደ መድኃኒት አድርጎ የማየት ስሕተት ውስጥ እንዳንወድቅ አንድ የአሜሪካ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1939 በቺካጎ ከብት ከሚታረድበት ሠፈር በስተጀርባ ሶል አሊንስኪና ጆሴፍ ሚጋን አንድ የሰፈር ምክር ቤት አቋቋሙ። በዚያ ሰፈር ፖላንዶች፣ ሊቱዌኒያዎች፣ ስሎቫኮችና አይሪሾች በየቤተ ክርስቲያናቸው ተከፋፍለው እርስ በርስ ይናናቁ ነበር። ምክር ቤቱ ካህናቱን ከቄራው ሠርቶ አደሮች ማኅበር ጋር በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጠ፤ ለሕፃናት ምሳ፣ ለሠራተኛው ደሞዝ አብረው ታገሉ፤ ተሳካላቸውም። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። ዳሩ ግን ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ ያው ምክር ቤት ጥቁሮች ወደ ሰፈሩ እንዳይገቡ የሚከላከል አጥር ሆነ፤ አሊንስኪ ራሱ በሥራው እጅግ አዝኗል። በውስጥ አራት ሕዝብ ያሻገረው ድልድይ አምስተኛው ሲመጣ ግንብ ሆነ ማለት ነው።

ዕድራችንም ከዚህ ነፃ አይደለም። ዕድር ብሔረሰብንና እምነትን ቢያሻግርም መደብን አያሻግርም። መዋጮ መክፈል ያልቻለ ቀን ሠራተኛ ከመዝገብ ይሠረዛል። ቤት የሌለው አይገባም። የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ከሁሉ የባሰች ናት፤ የዕድሩን ድስት የምታጥበው፣ ለለቀስተኛው ንፍሮ የምትቀቅለው እርሷ ሆና ሳለ በስሟ የተመዘገበ አባልነት የላትም። እናቴ ቤት ዘጠኝ ዓመት የኖረችው ሠራተኛችን ወንድሟ የሞተ ጊዜ ድንኳን አልተተከለላትም፤ በጓዳ አለቀሰች፤ በማግሥቱ እንጀራ ጋገረች። ያን ጊዜ ልጅ ስለነበርሁ አልገረመኝም። አል ዋርቃ ላይ ያቺን አራት ሴቶች ሳይ ግን ያች ጓዳ ትዝ አለችኝ፤ አገር ቤት በዕድር መዝገብ ያልነበረችው ሴት ባሕር ማዶ መጥታ የራሷን ዕድር አቁማለች።

እዚህ አገር ያለው ሁኔታ ከአገር ቤትም ከቺካጎም የተለየ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በነፃ የመደራጀት መብት ላይ የቆመ አገር አይደለም። በዱባይ ማኅበር ለማቋቋም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ድንጋጌ ደግሞ ያለ ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብን ይከለክላል፤ በ2021 የወጣው የፌዴራል ሕግም እንዲሁ። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ በቅንነት መዋጮ ሲሰበስቡ ይህን አያውቁም፤ እወቁት። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጣል፤ ይህንንም መብታቸውን የማያውቁ እኅቶች አሉና ንገሩአቸው።

አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ «ታዲያ መዋጮ ከሌለ ምን ዕድር አለ?» ይላሉ። የአራቱ ሴቶች አሠራር ለዚህ መልስ ይሰጣል። በእነርሱ ዘንድ ሳንቲም አይሰበሰብም፤ ሊቀመንበር የለም፤ ማኅተም የለም። ያለው መገኘት ነው፤ የሚቆጠር መገኘት፤ ቢቀሩ የሚያስጠይቅ መገኘት። ደግሞ እንመልከተው ካልን በአገር ቤቱም ዕድር ገንዘቡ ሁለተኛ ነው። ባለጸጋ ሰው መዋጮውን ልኮ ቀብር የማይወጣ ከሆነ ሰፈሩ ያማዋል፤ ድሀው ግን ምሰሶ ይዞ ካመሸ ይከበራል።

ልጅቷ በሃያ አምስተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጥታ ወደ አገሯ ገባች። ቀኝ እጇ አሁንም አይታዘዛትም፤ አማርኛዋ ግን ጥቂት በጥቂት ተመልሷል፤ ባለፈው ጊዜ በስልክ ስታነጋግረኝ «ዶክተር» ብላ አሾፈችብኝ።

ከዚያ በኋላ እኔና ስድስት ተማሪዎች ሴቶቹን ለምነን ከተራቸው ገባን። ለምነን ያልሁት በእውነት ስለሆነ ነው፤ መጀመሪያ አልፈለጉንም። «ተማሪ ፈተና አለብኝ ይላል» አለች የዓዲግራቷ ልጅ። አሁን አሥራ አንድ ነን። በወረቀት ላይ የሰፈረው ስምና የዕረፍት ቀን ብቻ ነው፤ ከማን ወገን እንደሆንን የሚጠይቅ ረድፍ የለውም። ሥራውም ሦስት ዓይነት ነው፤ የታመመን መጠየቅና ማስተርጐም፣ ሰው ሲሞት ጉዳዩን ለቆንስላው ማሳወቅና አስከሬኑ እስኪላክ ድረስ ሬሳውን ብቻውን አለመተው፣ ለቤተሰቡ በቋንቋው መርዶ መንገር። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ እስካሁን አንድ ጊዜ ደርሶብናል፤ የተናገረችው የወላይታዋ ልጅ ናት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቃል አልወጣኝም።

በአንድ ነገር ገና አልተስማማንም። ከተማሪዎቹ ሁለቱ መቀጫው ይቅር፣ ሰው በፈቃዱ ይምጣ ይላሉ። ሴቶቹ ግን በፍጹም አይሆንም ብለዋል። እኔ በሴቶቹ በኩል ነኝ፤ ምንም እንኳ ባለፈው እሑድ ፈተና አለብኝ ብዬ ቀርቼ በዚህ ወር ሁለት ተራ የተፈረደብኝ እኔ ራሴ ብሆንም።